ቅናት አንገት አያሳብጥም

ይህን እንድጽፍ የጠየቀችኝ የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት። «ስለ አንገትሽ ጻፊ፤ ለሌላው ትምህርት ይሆናል» አለችኝ። እሺ አልኳት። ብዕር ይዤ ስቀመጥ ግን ስለ አስካለ ሳላነሳ ስለ አንገቴ መጻፍ አቃተኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ትሰሙኛላችሁ። ትምህርት የምትፈልጉ የአንገቴን ያዙ። የቀረውን እንደ ጎረቤት ሐሜት ቁጠሩት።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። መንዝ ተወልጄ መንዝ ያገባሁ ነኝ፤ የምንኖረው ዘመሮ ከተማ ዳር ነው። ባለቤቴ ተሾመ ባና ይሠራል፤ ያን የአገራችንን ብርድ የሚችለውን ወፍራም የበግ ፀጉር ልብስ ማለቴ ነው። ፀጉሩን የምፈትልለት እኔ ነኝ። ራሴን ባወድስ አትፍረዱብኝ፤ የእኔ ክር የገባበት ባና ገበያ ላይ ከሩቅ ይታወቅ ነበር።

መጀመሪያ የተበላሸው ያ ክር ነው። አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ አንዱ ቦታ ይሳሳል፣ ከዚያ ብጥስ ይላል። ተሾመ ለጥቂት ቀን አይቶ እንዳላየ ሆነ። አንድ ቀን ግን ክሩን በጣቱ እየሳበ፣

«ጥሩ፣ ይሄን የፈተልሽው አንቺ ነሽ ወይስ ድመት ተጫውታበት ነው?» አለኝ።

እንዝርቱን ወርውሬ ወጣሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም፤ በእሱ ቀልድ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር እጄ ይንቀጠቀጥብኝ ጀምሮ ነበር። ያልነገርኩት ለምን መሰላችሁ? የወንድሙ ሚስት ጥሩ ፈታይ ናት። «እንግዲያው ለእሷ ልስጣት» እንዳይል ሰግቼ ነው። ይቺን ጠባዬን ከወዲሁ እወቁልኝ።

ቀጥሎ ሙቀቱ መጣ። መንዝን የሚያውቅ ይፍረደኝ፤ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ሰው ሁሉ ጋቢ ደራርቦ ሲንዘፈዘፍ እኔ በቀሚስ ብቻ ደጅ ቆሜ ላቤን እጠርጋለሁ። ምግብ ደግሞ አይበቃኝም፤ ከተሾመ እጥፍ እበላለሁ፤ ግን እከሳለሁ። ቀሚሴን ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ ሰፊው ዘንድ ለመሄድ አፈርኩና በመቀነት ሸብ አድርጌ ተውኩት። ልቤስ ብትሉ፣ ቁጭ ባልኩበት ዳገት እንደወጣ ሰው ይደልቃል።

አሁን ወደ አስካለ ልምጣ።

አስካለና እኔ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ላይ ነው የተማርነው። ሯጮች ነበርን። ሁልጊዜ እኔ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ። ሁልጊዜ ስል አንድም ቀን ሳይዛነፍ ማለቴ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለን የወረዳውን ውድድር አሸንፌ አንድ ጥንድ የስፖርት ጫማ ተሸለምኩ፤ ነጭ፣ በጎኑ ሰማያዊ መስመር ያለው። ደብረ ብርሃን ሄደን ለክለብ የምንመረጥበት ውድድር ሊካሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አባቴ ሞተ።

እኔ ሄጄ ልሮጥ አሰብኩ። እናቴ ናት ያስቀረችኝ። «የአባትሽ አርባ ሳይወጣ በቁምጣ ሜዳ ላይ ልትታዪ? ሰው ምን ይለናል?» አለች። ትክክል ነበረች፤ ሰው ይል ነበር። ጥቁሬን ለብሼ ቀረሁ። አስካለ ልታስተዛዝነኝ መጥታ ሦስት ቀን አብራኝ ተቀመጠች፤ ስትነሳም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጫማሽን ታውሺኛለሽ?» አለችኝ። አውጥቼ ሰጠኋት። በእኔ ጫማ ሮጣ ተመረጠች። ከዚያማ ክለብ ገባች፣ ውጭ አገር ሮጠች፣ ሜዳሊያ አንጠለጠለች። እኔ ተሾመን አገባሁ።

ክፉ አልተመኘሁላትም፤ ደግም አልተመኘሁላትም። አሥራ አምስት ዓመት ስሟ በሬዲዮ በተጠራ ቁጥር ግን ሬዲዮኑን እዘጋ ነበር።

ወደ ሕመሜ ስመለስ፣ ክሊኒክ ያልረገጥኩበት ጊዜ የለም። የመጀመሪያው «ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ ነው» ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። ሁለተኛው «ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተዪ» አለኝ። ተውኩ፤ የሽሮ ጣዕም ጠፋብኝ እንጂ ክብደቴስ መጥፋቱን ቀጠለ። በዚያ ዘመን ደግሞ ሰው ሲከሳ ጎረቤት የሚያስበው አንድ በሽታ ብቻ ነው። ተሾመና እኔ ሄደን ተመረመርን። ውጤቱን ስንጠብቅ እሱ አግዳሚው ወዲያኛው ጫፍ፣ እኔ ወዲህኛው ጫፍ ተቀመጥን፤ መሐላችን ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ነበር። ሁለታችንም ነፃ መሆናችን ተነገረን። ቤታችን እስክንደርስ ግን ያ ክፍት ቦታ አብሮን ሄደ። ሦስተኛው ክሊኒክ «ነርቭ ነው፣ አትናደጂ» አለኝ። አትናደጂ ሲለኝ እንዴት እንደተናደድኩ!

በጎቻችን አንድ በአንድ ወደ ገበያ ሄዱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው ሻሽሽን ፍቺ አላለኝም። እኔም አልፈታሁም። የአንገቴ ፊት ለፊት ትንሽ አብጦ ነበርና ሸፍኜው ነው የምውለው፤ ጋቢውን እጥላለሁ እንጂ ሻሹን አልጥልም። እንቅርት በአገራችን ወሬ አይደለም። እናቴ እንቁላል የሚያህል ይዛ ይኸው አርጅታለች፤ ገድሏት አያውቅም። እኔ ለመልኬ ብዬ ሸፈንኩት እንጂ በሽታዬ እዚያ ውስጥ ነው ብዬ በምን ልጠርጥር?

እንግዲህ ስታመም ስነሳ እንዲህ እያለሁ ነው ያ የቴሌቪዥን ውድድር የመጣው።

ዘመሮ መብራት ከገባ ብዙ ዓመት አልሆነውም ነበር፤ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅሎ ነበር። ውድድሩ እንዲህ ነው፦ በተለያየ ስፖርት ስም ያወጡ አራት ሰዎች አሉ፤ አንድ በረኛ፣ አንድ ቦክሰኛ፣ አንድ ብስክሌተኛ፣ አራተኛዋ አስካለ። አራት እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዱ በሌላው ስፖርት ይወዳደራሉ። ሰው ደግሞ በየቤቱ ስልክ እየደወለ በወደደው ተወዳዳሪ ስም ገንዘብ ይሰጣል። ገንዘቡ ለመታከም አቅም ላጡ በሽተኞች ነው።

«የአገራችን ልጅ ልትታይ ነው» ተብሎ ሻይ ቤቱ ጢም አለ። እኔም ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። የሚያመው ጥርስ ላይ ምላስ ይሄዳል።

የመጀመሪያው እሑድ ብስክሌት ነበር። አስካለ ሦስት ጊዜ ወደቀች። ሰው ሁሉ «እኔን! እኔን!» ሲል ከዚያ ሁሉ ጉባኤ ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ዞረው አዩኝ። ሻዬን ጎንጨት አድርጌ ጣራ ጣራውን ማየት ጀመርኩ። ልቤ ግን ደረቴን ሊሰብር ደርሶ ነበር።

ሁለተኛው እሑድ ፍፁም ቅጣት ምት ነው። አስካለ እንደ ነገሩ ገፋ ያደረገቻትን ኳስ በረኛው ሆን ብሎ በሌላ በኩል ወድቆ አስገባላት።

«ለቀቀላት!» ብዬ ጮህኩ።

«ቢለቅላትስ እትዬ ጥሩወርቅ?» አለች ባለ ሻይ ቤቷ። «ለጽድቅ አይደል እንዴ?»

«ለጽድቅም ቢሆን ውድድር ውድድር ነው!»

ሦስተኛው እሑድ ሩጫ ነበር። ይህቺን መቼም አልረሳትም። አስካለ ሁሉንም ጥላ ሄደች፤ ከዚያ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣ እየሳቀች፣ እንደ መራመድ አለች። ያ ግዙፍ ቦክሰኛ እያለከለከ መጥቶ አለፋትና አንደኛ ወጣ። ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። ስልኩ ተንጣጣ፤ ብዙ ገንዘብ የተሰጠው ያን ቀን ነው አሉ። እኔ ያን ሳምንት ሙሉ እሳት ጎርሼ ከረምኩ። እኔ አንዲት ቀን ባለመሮጤ አጥቼው የቀረሁትን አንደኝነት እሷ ለቦክሰኛ እንደ ቆሎ ዘግና ሰጠችው!

በሳምንቱ መሐል ክር ይዤ ስቀመጥ እጄ ጭራሽ አልታዘዝ አለኝ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ የመሰለኝ። ቴሌቪዥን ፊት ልቤ ይደልቃል፤ ቤትም ይደልቃል፤ ቤትም ግን የማስበው ስለ እሷ ነው። ላብ፣ ንዴት፣ ክሳት፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ የመጣ መሰለኝ። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። በሽታዬ ቅናት ነው ብዬ ቁርጤን አወቅኩና ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ ቅናት ገባኝ። እየጨረሰኝ ነው» አልኳቸው።

«በማን ላይ ልጄ?»

«በአስካለ።»

«እሷማ እዚህ የለችም።»

«በቴሌቪዥን ነው አባ።»

አባ ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። «በቴሌቪዥን የመጣ ኃጢአት ሲነገረኝ ገና የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ከዚያ በየቀኑ አርባ ስግደት ለሁለት ሳምንት ሰጡኝ፣ ጠበልም እንድጠጣ አዘዙ፣ «ከዚህ አታስበልጪ፣ ደክመሻል» ብለውም አስጠነቀቁኝ።

እኔ ግን ሯጭ ነኝ። አርባው በሁለት ሳምንት የሚያድን ከሆነ ሰማንያው በአንድ ሳምንት ያድናል ብዬ አሰላሁ። በሦስተኛው ቀን ስልሳ ምናምን ላይ ስደርስ ቅጥር ግቢው ዞረብኝና በግንባሬ ተደፋሁ። ዓይኔን ስገልጥ ተሾመ ጭንቅላቴን ጭኑ ላይ አድርጎ ያለቅሳል። ባሌ ሲያለቅስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ዕለት ከእኔ ተደብቆ አንድ ነገር አደረገ፤ እሱን በኋላ ነው ያወቅኩት።

አራተኛው እሑድ መጣ። ተሾመ «በእናትሽ፣ ዛሬስ ቅሪ» ብሎ ለመነኝ። እየተጎተትኩ ሄድኩ፤ ከኋላዬ ተከተለኝ።

የመጨረሻው የቦክሰኛው ተራ ነው፤ በቡጢ ፈንታ ግን ኩንታል ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ነበር። ቦክሰኛው አንደኛ፣ አስካለ መጨረሻ ወጡ። ደስ አለኝ። ከዚያ አስተዋዋቂው አንድ በአንድ «ለማን ብላችሁ ነው የተወዳደራችሁት?» እያለ ይጠይቃቸው ጀመር። አስካለ ላቧን ጠርጋ ማይኩን ያዘች።

«መንዝ ውስጥ አንዲት ጓደኛ አለችኝ» አለች። «ልጆች ሆነን ከእኔ ትበልጥ ነበር። አንድም ቀን ቀድሜያት አላውቅም። ዛሬ ታማ ክር መፍተል አቅቷታል አሉኝ። ለእሷ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ከእኔ ትበልጥ ነበር። ይህን ቃል ከአፏ ለመስማት አሥራ አምስት ዓመት ጠብቄያለሁ። መጣ፤ ግን እንደ ምጽዋት መጣ። አገር እያየኝ፣ የድኻ በሽተኛ ሆኜ። ሩጫዬን ወሰደች፣ ጫማዬን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ በሽታዬን ወሰደችው ብዬ አሰብኩ። ልወጣ ብድግ ስል አግዳሚው ላይ ተመልሼ ወደቅኩ።

ጥግ ላይ ተቀምጣ የነበረች ሴት ተነስታ መጣች። ለጤና ጣቢያው በቅርቡ የተመደበችው ነርስ ናት፤ ሲስተር እንላታለን። ፊቴ ላይ አፈጠጠችና «ዓይንሽ ድሮም እንዲህ የፈጠጠ ነው?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት እጅሽን ዘርጊ አለችና ከደብተሯ አንድ ወረቀት ቀድዳ ጣቶቼ ላይ አኖረችው። ወረቀቱ እንደ ቅጠል ተርገፈገፈ። የእጄን ምት ይዛ ሰዓቷን እያየች ቆጠረች፤ ሁለተኛም ቆጠረች።

«ሻሽሽን ፍቺ» አለችኝ።

«ተዪኝ ሲስተር፤ የእኔ በሽታ አይደለም፣ ቅናት ነው። ንስሐም ገብቼበታለሁ።»

ሻሹን ራሷ ፈታችው። አንገቴን ዳሰሰች፣ «እስቲ ዋጥ አድርጊ» አለችኝ፣ ዋጥኩ። ከዚያ ቀና ብላ፣

«ቅናት አንገት አያሳብጥም» አለች።

ስንወጣ ተሾመን «ለአስካለ ማን ነገራት?» ብዬ ያዝኩት። ስልኳን ከእናቷ ተቀብሎ፣ የወደቅኩ ዕለት ደውሎላት ኖሯል። «ስትሞቺ ቁጭ ብዬ ልይ?» አለኝ። አንድ ሳምንት አላናገርኩትም። ደብረ ብርሃን ድረስ በአንድ መቀመጫ ሄደን፣ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ትከሻችን እየተጋጨ፣ አላናገርኩትም።

ሆስፒታሉ መጠበቂያ ውስጥ ስም በተጠራ ቁጥር በተጠራው ሰው እቀና ነበር። የሚያነክሰው ሰውዬ ሲጠራ ቀናሁ። ነፍሰ ጡሯ ስትጠራ ቀናሁ። አጠገቤ ከመርሐቤቴ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ስማቸው ሲጠራ እንደ ልማዴ ቀናሁ። እሳቸው ግን ተነሱና «ይቺን ልጅ አስቀድሙልኝ፤ እኔን የያዘኝ ጉልበት ነው፣ ጉልበት አይቸኩልም» አሉ። እያፈርኩ ገባሁ። ዛሬም ድረስ ስማቸውን ሳልጠይቅ መቅረቴ ይቆጨኛል።

ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ በዝርዝር አስረዳኝ። አንገታችን ላይ የሰውነትን ፍጥነት የምትቆጣጠር እጢ አለች፤ ታይሮይድ ትባላለች። የእኔዋ አብጣ ከልኳ በላይ ትሠራለች። «መኪና ናት በይ» አለኝ። «ነዳጁ ተረግጦ ቀርቷል፣ ፍሬን የላትም። የምትበዪውን ሁሉ የምታቃጥለው፣ እጅሽን የምታንቀጠቅጠው፣ የምታናድድሽም እሷ ናት።»

«የምታስቀናኝስ?»

«እሱን አላውቅም» ብሎ ሳቀ። የስግደቱን ነገር ስነግረው ግን መሳቁን ተወ፤ ልቤ በዚያው ቀጥ ሊል ይችል እንደነበር ነገረኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው፤ በበሽታው ላይ የራሴን ድርቅና ጨመርኩበት። አባ ሲሰሙ አዘኑ፤ «አርባ ብልሽ ሰማንያ ያደረግሽው ከማን ጋር ተወዳድረሽ ነው?» አሉኝ።

ኪኒን ተሰጠኝ። ወር ሳይሞላ ላቡ ቆመ፣ እጄ ረጋ አለ። ነገር ግን እብጠቱ በቀዶ ሕክምና መውጣት ነበረበት፤ ያ ደግሞ አዲስ አበባ ነው፣ ለእኛ አቅም የሚሞከር አይደለም። በአስካለ ስም የተሰጠው ገንዘብ ሊያሳክመኝ እንደሚችል ተሾመ ነገረኝ።

«በእሷ ምጽዋትማ አልታከምም» አልኩ። «ብሞት ይሻለኛል።» ምላሴ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ከልቤ ነው።

እናቴ አለቀሰች። ሲስተር ተቆጣች። «ኪኒኑ ጊዜ ይገዛልሻል እንጂ አይጨርሰውም» አለችኝ። እኔ ፍንክች አልልም አልኩ።

አንድ ቅዳሜ አስካለ ራሷ መጣች። ደጃችን ላይ መኪና ቆሞ፣ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ፣ እሷ በዚያ ረጅም እግሯ ዘለግ ዘለግ ብላ ስትገባ ሳይ መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። መቼም ጫማዋ ያምር ነበር። ሳንሳሳም ተቀመጥን።

«የእኔ ጫማስ?» አልኳት።

«የቱ?»

«የቱ ትለኛለች! ነጩ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው።»

አሰበች። «እሱማ በሁለተኛው ወር ሶሉ ተገንጥሎ ጣልኩት።»

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ጫማ መስታወት ውስጥ አስቀምጣው በሐሳቤ ሳየው ኖሬአለሁ። ጥላዋለች! ሳቄ መጣ፤ አፍኜ ያዝኩት።

«ገንዘቡን አልፈልግም» አልኳት። «ምጽዋት ነው።»

ያኔ ነው የተቆጣችው። ድሮም ቀስ ብላ ነው የምትቆጣ። «እኔ በባዶ እግሬ ነበርኩ፤ ጫማሽን ሰጠሽኝ» አለች። «ያኔ ምጽዋት ነው ብዬሽ ነበር? አልቀበልም ብዬሽ ነበር? ወሰድኩና ሮጥኩ! አንቺም ውሰጂና ዳኚ!»

ተሾመ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለታችንንም አያየንም፤ መሬት መሬት ያያል። ጫማዬን ሰጥቻት እንደነበር አውቃለሁ፤ መስጠቴን ግን እንደ መስጠት አስቤው አላውቅም ነበር፤ እንደተወሰደብኝ ነው የቆጠርኩት። «መቼ ነው የምንሄደው?» አልኩ በመጨረሻ።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከመግባቴ በፊት ሐኪሙ የድምፅ ጅማት እጢዋን ተጠግቶ እንደሚያልፍ፣ ከተነካ ድምፅ ሊጠፋ እንደሚችል ነግሮኝ ስለነበር ከሁሉ የፈራሁት እሱን ነው። ስነቃ ተሾመ በአንድ በኩል፣ አስካለ በሌላ በኩል ቆመዋል። ሐኪሙ «እስቲ ተናገሪ» አለኝ። አስካለን አየኋት።

«ከብስክሌት ሦስቴ ወድቀሻል» አልኩ። ድምፄ ሻከር ብሎ ወጣ፤ ግን ወጣ።

«አራቴ ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «አንዱን ቆርጠው አውጥተውታል።»

በዚያ ሰሞን እንኳ ጠባዬ አልተወኝም። ነርሶቹ ተራ በተራ አልጋዬ ድረስ እየመጡ ከአስካለ ጋር ፎቶ ይነሱ ነበር። አንገቴን የተቆረጥኩት እኔ፣ ፎቶ የምትነሳው እሷ!

ከዚያ ወዲህ ጠዋት በባዶ ሆዴ አንዲት ኪኒን እውጣለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ነው። ሥጋዬ ተመለሰ፤ ቀሚሴን ሰፊው ዘንድ ወስጄ መልሼ አሰፋሁት። ክሬ ቀጥ ብሎ መውረድ ሲጀምር ተሾመ ክሩን በጣቱ ስቦ ስቦ ወደ ሸማኔ ጉድጓዱ ገባና ሲያንጎራጉር ሰማሁት። እናንተም ስሙኝ፦ ስትበሉ ከከሳችሁ፣ በብርድ ካላባችሁ፣ እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሻሻችሁን ፈታችሁ፣ ፎጣችሁን አውርዳችሁ አንገታችሁን አሳዩ። እንቅርት እናቴም አለባት ብላችሁ አትተዉት። ስግደቱንም ስገዱ፤ የታዘዘላችሁን ያህል ብቻ።

ሲስተር የጠየቀችኝ እዚህ ላይ ያልቃል። የቀረው የእኔ ነው።

ከዓመት በኋላ አስካለ ለፋሲካ ወላጆቿ ዘንድ መጣች። ሐኪሙ መሮጥ ትችያለሽ ብሎኝ ነበር፤ እኔም ጠዋት ጠዋት ሶምሶማ ጀምሬአለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መስክ ተገናኘን። «እስከ ድልድዩ?» አልኳት። «እስከ ድልድዩ» አለች።

ሮጥን። ድልድዩ ጋ ቀድሜ ደረስኩ። ዞር ብዬ አየኋት፤ እየሳቀች መጣች፣ ትንፋሿ ንቅንቅ አላለም።

«ለቀቅሽልኝ» አልኳት።

«ኧረ በፍጹም! ጎበዝ ሆነሻል...»

«አስካለ! ቦክሰኛው ነኝ እንዴ?»

ሳቋን ዋጠችው።

«እንመለስና እንደገና» አልኳት። «በሙሉ ጉልበትሽ። ካልሆነ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ።»

ተመልሰን ቆምን። ተነሳን። መጀመሪያ ትከሻ ለትከሻ ነበርን፤ ከዚያ አንዴ ተወነጨፈች። ልጆች ሆነን ጀርባዋን አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበረች። ያን ቀን አየሁት። ቀጭን ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ አይወዛወዝም። እያነሰ እያነሰ ሄዶ ድልድዩ ላይ ቆመ። እኔ ስደርስ እሷ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስር ነበር።

አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና ሲስተር እንዳስተማረችኝ ጣቴን የእጄ ምት ላይ አድርጌ ቆጠርኩ። መጀመሪያ ይጋልብ ነበር። ጠበቅኩት። ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ወርዶ ልኩ ላይ ረጋ። ቅናቱ ግን አልወረደም። እዚያው፣ ድሮ የነበረበት ቦታ፣ ድሮ የነበረውን ያህል ተቀምጧል። ኪኒን አልነካውም፣ ቢላም አላገኘውም።

«ስንት ሆነ?» አለችኝ አስካለ።

«ሰባ ስምንት።»

«ታዲያ ደህና ነሻ!»

«ደህና ነኝ። ብቻ ቀንቻለሁ» አልኳት። በሕይወቴ ለእሷ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

ክሩን አስራ ቀና አለች። «እኔ ያንቺን ጀርባ ስምንት ዓመት አይቼዋለሁ» አለች ሳትስቅ። «አንድ ቀን የኔን ብታዪ ምን አለበት?»

ስምንት ዓመቱን ቆጥራዋለች። እኔ አሥራ አምስቱን ስቆጥር እሷም የራሷን ትቆጥር ኖሯል። ጣቴን ከእጄ ላይ አነሳሁና ብድግ አልኩ።

«ተነሺ» አልኳት። «አንዴ ደግሞ እንሩጥ።»